ልብ ወለድ ዘመድ

ሎረል ፎርክ፣ ኬንታኪ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2019

ይድረስ ለሮዌና ኮምብስ፤

ካለሽበት ከተማ ድረስ የጌታ ጥበቃ አይለይሽ። እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ፤ ዊላም ጆሮዋን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ አንቺ ደግሞ ትምህርት የማያልቅብሽ ሰው ሆነሻል። ስለዚህ መንገዱን አንቺው ተራምደሽ ድረሽልኝ።

ሕግና ማኅበራዊ ሥራ የሚባሉትን በአንድ ላይ፣ በአራት ዓመት፣ በሁለት ዲግሪ እንደምትማሪ እናትሽም ነግራኛለች። አልገባኝም። እዚህ ጠበቃ ማለት ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከርልሽ ነው። የማኅበራዊ ሥራ ሰው ማለት ደግሞ ቤትሽ ገብቶ ማቀዝቀዣሽን ከፍቶ የሚያይ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ማን ማንን ከቤት ያስወጣል?

ለትምህርት ቤት የቤተሰብ ሥዕል ልሠራ ነው፣ የሞቱትንም ያሉትንም ስም ላኪልኝ ብለሻል። እንካ። ባሌ ሌስተር ስቲድሃም፣ ከማዕድን ጉድጓድ ይዞት በመጣው የሳንባ በሽታ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት። ልጄ ኬንዳል፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ባለፈው ኖቬምበር ዘጠኝ። ከላክሽው የጥያቄ ዝርዝር ላይ «የሞተበት ምክንያት» የሚለውን ዝለይው። አብራው የነበረችው የዊላ እናት ቴስ፣ ከበጋ ጀምሮ የት እንዳለች አይታወቅም። የኬንዳል ልጅ ዊላ፣ አራት ዓመቷ፣ ከዐሥር ወሯ ጀምሮ እኔ ጋ ናት። እናቴ ኦፓል፤ ታውቂያታለሽ። «የኦፓል ወላጆች» የሚለውንም ዝለይው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ዊላን ለጆሮዋ ክሊኒክ ወሰድኳት። ቅጹ ላይ «ከሕፃኗ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል። «አያት» ብዬ ፈረምኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «እዚህ የሉም» አለችኝ። በሳምንቱ ከፍርድ ቤት ወረቀት መጣ። ዊላን ሌላ አውራጃ ላሉ አሳዳጊዎች ሊሰጧት ነው። ችሎቱ ማርች 20 ነው። እኔ ደግሞ «ያገባኛል የማለት መብት» የለኝም ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ካላገባኝ ማንን ነው የሚያገባው?

ዴልፊያ ስቲድሃም


ሴንት ሉዊስ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2019

ውድ አክስቴ ዴልፊያ፤

ጤናዎንም የዊላንም ጆሮ በየጸሎቴ አንስቻለሁ። ሦስት ሳምንት በመዘግየቴ አይቀየሙኝ። ሰኞና ረቡዕ ሕግ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማኅበራዊ ሥራ፣ ዓርብ የተግባር ልምምድ አለኝ። አንዱ አስተማሪ «ደንቡ ምን ይላል?» ይለኛል፤ ሌላዋ «ምን ተሰማሽ?» ትለኛለች። ባለፈው ተምታቶብኝ የተሰማኝን ለእሱ፣ ደንቡን ለእሷ መለስኩና ሁለቱም ክፍል ውስጥ ተሳቀብኝ።

ስለ ቃሉ፦ ፍርድ ቤት የሚሰማዎ ጉዳዩ እንደሚያገባዎ ካሳዩ ብቻ ነው ማለት ነው። ኬንዳልና ቴስ አልተጋቡም፤ የልደት ወረቀቱም ላይ የአባት ስም ቦታው ባዶ ነው። ስለዚህ በወረቀት ዊላ ለእርስዎ ባዕድ ናት። በወረቀት ነው ያልኩት። ይህም ምክር አይደለም፤ ገና ተማሪ ስለሆንኩ ምክር መስጠት ክልክል ነው። የነፃ ጠበቆች ቢሮ አድራሻ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ጠበቃ የነገሩትን ምስጢር መጠበቅ አለበት። የማኅበራዊ ሥራ ሰው ደግሞ ሕፃንን የሚጎዳ ነገር ከሰማ ለመንግሥት መናገር አለበት። እኔ ሁለቱንም ልሆን ነው፤ ለጊዜው አንዱንም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ዊላ ሲጽፉልኝ ማንም ቢያነበው የማይጎዳዎን ብቻ ይጻፉ።

ሥዕሉንም ልኬያለሁ፤ ስሕተት ካለው ያርሙልኝ። አራት ማዕዘን ወንድ ነው፣ ክብ ሴት ናት። የሞተ ሰው ላይ ኤክስ ይደረጋል።

የምታከብርዎ ሮዌና


ሎረል ፎርክ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019

ሮዌና፤

ሰላምታዬ እንደ በፊቱ ነው፤ ጌታም ልብ ይስጥሽ።

ሥዕልሽን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጎረቤቴ ጁዊል የበቆሎ ዳቦ ልትበደር ገብታ አየችውና «ዴልፊያ፣ ቧንቧ ልታስገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ቤተሰቤ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ቦታ ያፈሳል» አለችኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ሌስተርን ሳጥን አድርገሽዋል። ሳጥን ውስጥ አስገብተነዋል እኮ፤ ሁለተኛ ማስገባት ምን አስፈለገ? እናቴን ኦፓልን ደግሞ ከላይ ምንም መስመር ሳይመጣላት አየር ላይ ሰቅለሻታል፤ እንደ ፊኛ። ኬንዳል ላይ ኤክስ። አስተማሪ የተሳሳተ መልስ ላይ እንደምታደርገው ዓይነት ኤክስ። ዊላ ወንበር ላይ ወጥታ ጣቷን ጫነችበት።

«ይሄ ማነው?»

«አባትሽ።»

«ለምን ሰረዙት?»

ላንቺ አስተማሪ እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ ንገሪያት፦ ዳቦው እያረረ ነው ብዬ ተነሳሁ። ምንም ምድጃ ላይ አልነበረም።

እኔ ስለ አንዲት ልጅ እጠይቅሻለሁ፤ አንቺ የነፃ ጠበቆች አድራሻ ትልኪልኛለሽ። ደወልኩላቸው። በመዝገብ ይዘውኛል፤ ተራዬ ሲደርስ ይደውላሉ። ስልኩ እዚህ ሸለቆ ውስጥ እንደማይሠራ ነገርኳቸው፤ ያንንም መዘገቡት። ይህን አድርጊ፣ ይህን አትጻፊ፣ ይህ ምክር አይደለም። ምክር ካልሆነ ለምን ቴምብር ታባክኛለሽ? ቀጥ ብለሽ መጥተሽ ቁሚልኝ። የምትማሪው ለዚህ አይደለም ወይ?

ዴልፊያ


ሴንት ሉዊስ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2019

ውድ አክስቴ ዴልፊያ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ኤክሱ የእኔ ምልክት አይደለም፤ በዓለም ላይ ያለ የሙያው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ግን ሳልነግርዎ መላክ አልነበረብኝም። ይቅርታ። ለኬንዳል ቀብርም አልመጣሁም። ፈተና ነበረብኝ። እስካሁን ይህን አልጻፍኩልዎትም፤ እርስዎም አልጠየቁኝም።

መጥቼ መቆም አልችልም። ፈቃድ የለኝም፤ ብቆም ይወቅሱኛል፣ ዊላንም ይጎዳታል። ግን ሕጉን አንብቤያለሁ፣ ማንም ማንበብ ይችላል። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የደም ምርመራ ነው። ኬንዳልን ከሞተ በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ናሙና ያስቀምጣሉ። ከዊላ ጋር ይመሳከራል፤ አባትነቱ ከተረጋገጠ እርስዎ አያት ነዎት፣ ማንም አይነካዎትም።

ሁለተኛው ደካማ ነው። በኬንታኪ ሕግ «ልብ ወለድ ዘመድ» የሚባል አለ። በደምም በጋብቻም የማይዛመድ፣ ግን ሕፃኑ የሚያውቀውና የተጣበቀበት ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰውም ልጁን እንዲያሳድግ ሊፈቀድለት ይችላል። ግን ዳኛው ቢፈልግ ነው። የደም ዘመድ ይቀድማል።

ስለዚህ ምርመራውን ይጠይቁ። ነገ ይጠይቁ። ለምን እንደማይጠይቁ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ሮዌና


ሎረል ፎርክ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019

ለሮዌና፤ ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይባርክ።

የአውራጃው ሰው አቶ ሄንስሊ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ማቀዝቀዣዬን ከፈተ። እንዳልኩሽ። የባቄላውን ድስት ክዳን አነሳ፣ መልሶም አልከደነው።

«ወይዘሮ ስቲድሃም፣ እርስዎ ለልጅቷ ምንዋ ነዎት?»

«አያቷ።»

«በወረቀት?»

«በወረቀት ምን ዓይነት አያት አለ? የወረቀት አያት ዝናብ ላይ ምን ትሆናለች?»

«አለመናደድ ይቻላል፣ ወይዘሮ ስቲድሃም።»

«አንተ ልጅ፣ ድስቴን ክደንና እንነጋገር።»

ከደነው። ከዚያ የራስሽን ቃል ከቦርሳው አወጣልኝ። «ልብ ወለድ ዘመድ በሚለው ልመዝግብዎ?»

ልብ ወለድ! ማለት ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው፣ የሌለ ነገር። ሦስት ዓመት ሌሊት ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ የያዝኩት እኔ ተረት ነኝ? ጫማዋን የማስረው፣ ከማር በቀር መድኃኒት አልውጥም ስትል የምለማመጣት ሴትዮ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለችው? ይህን ቃል ያወጣው ሰው አያት ኖሮት አያውቅም። በሩን ከፈትኩለት።

ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ለዊላ ቢጫ የዝናብ ጫማ ፈልጊልኝ፣ ቁጥር ዘጠኝ። እዚህ ያለው ሁሉ ሮዝ ነው፤ ሮዝ አላደርግም ብላለች።

ዴልፊያ


ሴንት ሉዊስ
ማርች 4 ቀን 2019

አክስቴ ዴልፊያ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ምርመራው አልመለሱልኝም። ስለ ድስት፣ ስለ ማር፣ ስለ ጫማ ጽፈዋል። ስለ ምርመራው አንድ መስመር የለም። ዐሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል።

እኔም ሰው ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ አንድ ዲግሪ ይዘው ወደ ሥራ እየሄዱ ነው፤ እኔ ሁለት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሆኜ ተቀምጫለሁ። የሕግ ተማሪዎቹ «አልቃሻ» ይሉኛል፣ የማኅበራዊ ሥራዎቹ «ተከራካሪ» ይሉኛል። አንድ ሰው እንኳ፣ አንዲት ዘመዴ እንኳ፣ የምለውን አድርጋ ባየሁ!

ዊላን ላሳድግ ብለው ለፍርድ ቤት ባቀረቡት አቤቱታ ላይ «አያት ነኝ» ብለዋል። ማርች 20 ያንን በመሐላ ይጠየቃሉ። ቃል ከሰጡ በኋላ መመለስ የለም። የማላውቀው ነገር ካለ አሁን ነው ጊዜው። ማንም ቢያነበው የማይጎዳዎን ብቻ ይጻፉ ብዬዎት ነበር። ያንን ደብዳቤ ይቅደዱት።

ጫማው ተገኝቷል።

ሮዌና


ሎረል ፎርክ
ማርች 9 ቀን 2019

ለሮዌና፤

ሁለቱንም ሮዌናዎች ጎን ለጎን አስቀምጪያቸውና ያንብቡት። ከዚህ በኋላ ለመንግሥት የምትናገረው ትናገር፣ ዝም የምትለው ዝም ትበል። እኔ ሰለቸኝ።

ኬንዳል ዊላን ያመጣት በጁን ነው፣ የዐሥር ወር ልጅ ሆና። ቴስን የተዋወቃት ከዚያ በፊት ባለው የገና ሰሞን ነው። የተዋወቁበትን ቀን እሱው ነው የነገረኝ፤ የጎማ መለወጫ ቦታ። አንቺ ሕግ ተምረሻል፣ ቁጠሪው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ እኔም ቆጥሬዋለሁ።

በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጣት። አንድ እጄ ላይ ባቄላ፣ አንድ እጄ ላይ እሷ። ጣቴ በራሱ ይንቀሳቀስ ነበር መሰለኝ።

«እማ» አለኝ፣ «አትቁጠሪ።»

«ባቄላ ነው የምቆጥረው» አልኩት።

«እሱንም ተይው።»

ተውኩት። ሦስት ዓመት ተኩል አልቆጠርኩም። አንቺ የምትይው ምርመራ ይቆጥራል። ልጄ የለመነኝ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ሌላ ነገር መለመን በነበረበት ጊዜ አልለመነኝም። ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ ለመለመን ጊዜው አልፎ ነበር።

ኦፓልን፣ እናቴን፣ አየር ላይ ሰቅለሻታል ብዬ ተቆጥቼሻለሁ። እሷም እንደዚያው ናት። የጎርፉ ዓመት ያንቺ ወገኖች፣ የኮምብስ ሰዎች፣ ከአንድ ጣሪያ ላይ ያወረዷት ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ነበር፣ ከስሟ በቀር የምታውቀው የለም። የሚፈልጋት ሰው አልመጣም። አያትሽ አልጋዋን ገምሳ ሰጠቻት፤ ከዚያ እኅትሽ ማን ናት ሲሏት ኦፓል ትል ነበር። እኔ ከኮምብስ አንዲት ጠብታ ደም የለኝም። ስለዚህ አንቺም «አክስቴ» የምትይኝ በምን እንደሆነ አስቢበት። ከእንግዲህ «ወይዘሮ ስቲድሃም» ብትይኝ አልቀየምሽም።

ዴልፊያ


ሴንት ሉዊስ
ማርች 13 ቀን 2019
በፈጣን ፖስታ

ውድ አክስቴ ዴልፊያ፤

«አክስቴ» የሚለውን ቃል አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ሁለቱም አንብበዋል። ሕፃን ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፣ ስለዚህ አንዷ የምትናገረው የላትም። ሌላዋ ግን ጠረጴዛ መታች። ለምን በፌብሩዋሪ አልነገሩኝም? አዎ፤ አይንገሩኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። ሳምንታት ሙሉ ወደ ገደል እየገፋሁዎት ነበር፣ ያውም «ነገ ይጠይቁ» እያልኩ።

ምርመራውን አይጠይቁ። በመሐላ «የደም አያት ነኝ» አይበሉ። ያንን ካሉ በኋላ ማንም ቢቆጥር ዊላን ለዘላለም ያጣሉ። የሚጠሉት ቃል ብቻ ነው እውነት የሆነው። አቤቱታዎን የሚለውጥ አዲስ ቅጽ ከዚህ ጋር አለ። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ኤክስ ያድርጉ፤ ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይም ቃሉን በገዛ እጅዎ ይጻፉት። አሁንም ይህ ምክር አይደለም። አይደለም፣ ግን ያድርጉት።

የነፃ ጠበቆቹን ቢሮ በየቀኑ ደውዬ አሰልችቻቸዋለሁ፤ አንዲት ጠበቃ የችሎቱ ዕለት ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ታገኝዎታለች። እኔም በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንድ ቃል አልናገርም። እንደ ጠበቃም እንደ ሌላም አይደለም የምመጣው።

ሮዌና


ሎረል ፎርክ
ማርች 24 ቀን 2019

ለሮዌና፤ በሰላም ገብተሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ጌታ ከዚያ አውቶቡስ ሹፌር ይጠብቅሽ።

ከኋላ ስለነበርሽ ሁሉን አልሰማሽም። ልንገርሽ።

የችሎቱ ዕለት ቅጹን ይዤ ከነጋ ጀምሮ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አልሞላሁትም። ሳጥኑ አልከበደኝም ብል ውሸት ነው። ኤክሱን ሳደርግ የኬንዳል ሳጥን ላይ ያለው ነው ትዝ ያለኝ፤ ያው ምልክት ነው። ከዚያ ቃሉን መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታውቂያለሽ። «ልብ» ብዬ ጽፌ እስክሪብቶው ቆመብኝ። አራግፌው፣ ምላሴ ላይ ነክቼው፣ «ወለድ» አልኩ። ሁለቱ ቃላት ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። አየኋቸው። ልብ። ወለድ። ያን ያህል ጊዜ የተናደድኩት ቶሎ ቶሎ ስላነበብኩት ነው።

ዳኛው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ወይዘሮ ስቲድሃም፣ እዚህ ‹አያት› የሚለውን አስወጥተዋል።»

«አስወጥቻለሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

«የሕፃኗ አባት ልጅዎ አልነበረም ማለትዎ ነው?»

«ልጄ አባቷ ነበር። እንዴት እንደሆነ ነው ያልጠየቅሁት።»

ጠበቃዋ እግሬን ነካችኝ። ዳኛው ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«የጻፉት ቃል ትርጉሙ ይገባዎታል?»

«ሆድ ያልወለደው ማለት ነው» አልኩት። «የወለደው ግን አለ።»

አቶ ሄንስሊ ሳል ያዘው። ተነሥቶ ስለ እኔ ሲናገር ጆሮዬን አላመንኩም፤ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ልጅቷ ከእሷ ሌላ ሰው እጅ አትበላም፣ ባቄላ በየጊዜው አለ፣ አለ። ባቄላውን ለፍርድ ቤት ይቆጥራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዳኛው ስድስት ወር ሰጠኝ፤ ከዚያ ደግሞ ያያሉ። ስድስት ወር ያናድዳል። ዊላ ግን ማታ አልጋዋ ላይ ተኛች፣ ቢጫ ጫማዋን ሳታወልቅ። ማውለቅ ይገባኝ ነበር፣ ተውኩት።

ዓርብ ክሊኒክ ወሰድኳት። ያችው ልጅ ናት። «ከሕፃኗ ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚለው ላይ ጻፍኩ። አነበበችው። «ይሄማ አለ» አለችኝና የጆሮ ጠብታውን ሰጠችኝ።

ሥዕልሽን አርሜ በዚህ ፖስታ መልሼልሻለሁ። ከኬንዳል ወደ ዊላ ያሰመርሽውን ወፍራም መስመር በላጲስ አጥፍቼ ነጠብጣብ አድርጌዋለሁ። እናቴን ከአየር አውርጄ አያትሽ አጠገብ አስቀምጫታለሁ፣ በነጠብጣብ። ከእኔ ወደ አንቺ የሚመጣውም እንደዚያው ሆነ። ኤክሱን አልነካሁትም፤ ሞቷል። ዝለይው ያልኩሽን የሞተበትን ምክንያትም ከሥሩ በትንሹ ጽፌያለሁ፦ ከመጠን ያለፈ ክኒን። ዊላ ደግማ ስትጠይቀኝ ዳቦ እያረረ አይደለም እላታለሁ።

አስተማሪሽ ነጠብጣቡ በዛ ብላ ነጥብ ብትቀንስብሽ አድራሻዬን ስጫት።

አክስትሽ ዴልፊያ